ተምርን በቤተ ሙከራ ማራባት

ተምር በሳይንስ ስሟ ፊኒክስ ዳክቲሊፌራ የምትባል፣ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ላሉት የበረሃ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ምግብም ጥላም የሆነች ባለፍሬ ዛፍ ናት፤ በአገራችን በአፋር ቆላ ትለማለች፤ ለሆሳዕና በዓል የሚታደለው ዘንባባም የዱር ዘመዷ ነው። ቲሹ ካልቸር በተባለው ጥበብ፣ ከአንዲት ምርጥ ተምር ከተወሰደ ጥቂት ለጋ ሕብረ ሕዋስ በባሕርይ እናታቸውን የሚመስሉ እጅግ ብዙ ችግኞችን ማስገኘት ይቻላል።

አስፈላጊነቱ

የተምር ተባዕትና አንስት ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች ስለ ሆኑ፣ ከዘር ከሚበቅሉት እኩሌታ ያህሉ ፍሬ የማይሰጡ ተባዕት ይሆናሉ፤ አንስቱም የእናታቸውን ጣዕም በትክክል አይወርሱም፤ ጾታቸውም ዓመታት ቆይተው እስኪያብቡ ድረስ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ገበሬው ከግንዷ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ እየለየ ሲተክል ኖሯል፤ ነገር ግን አንዲት ዛፍ በዕድሜዋ የምትሰጠው ቡቃያ ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ በሽታና ተባይ አብረውት ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1870 ገደማ ጀምሮ በሞሮኮ በድራ ሸለቆ የታወቀው ባዩድ የተባለው የፈንገስ በሽታ፣ በአንድ ምዕት ዓመት ውስጥ በዚያች አገር ብቻ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ተምሮችን አጥፍቷል።

አሠራሩ

የጥበቡ መሠረት፣ የኦስትሪያው ሊቅ ጎትሊብ ሃበርላንት እ.ኤ.አ. በ1902 እንዳመለከተው፣ ሕያው የዕፅ ሕዋስ ሙሉውን ዕፅ ዳግመኛ የማስገኘት ኃይል በውስጡ ሰውሮ መያዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስኩግና ሚለር፣ ኦክሲንና ሳይቶካይኒን የተባሉት ሆርሞኖች ሚዛን ሥር ወይም ቀንበጥ መውጣቱን እንደሚወስን አስረዱ፤ ሙራሺጌና ስኩግም እ.ኤ.አ. በ1962 እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የምግብ ድብልቅ ቀመሙ። ከቡቃያው እምብርት የተቆረጠው ለጋ ጫፍ ከጀርም ከነጻ በኋላ፣ ማዕድናት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ሆርሞን ባሉበት ምግብ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም ወይ በቀጥታ ቀንበጥ ያወጣል፣ ወይም ቅርጽ አልባ የሕዋስ ክምችት ሆኖ ከከረመ በኋላ በዘር ውስጥ ያለውን የመሰለ ፅንስ ያስገኛል። ሥር የሰደደው ችግኝ ፀሐይና ነፋስ ቀስ በቀስ ከተለማመደ በኋላ ወደ ማሳ የሚወጣ ሲሆን፣ ሥራው ሁሉ ዓመታት ይፈጃል።

ጥቅሙና ጥንቃቄው

ከቤተ ሙከራ የሚወጣው ችግኝ ከባዩድና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተምሮችን ከሚቦረቡረው ቀይ ነቀዝ ንጹሕ ሆኖ ይተከላል፤ ንጽሕናው ግን በሽታን መቋቋም ማለት አይደለም፤ የእናቲቱ ባሕርይ ደካማ ከሆነ ልጆቿም ደካሞች ናቸው። ሕዋሱ በምግቡ ላይ ብዙ ሲቆይ በዘረ መሉ ለውጥ ሊገባበት ስለሚችል፣ ባርሂ ከተባለው ዝርያ በዚህ መንገድ ከተራቡት አንዳንዶቹ ድንክ ሆነው ወይም አበባቸው ሳይፀንስ ቀርቶ ባለቤቶቻቸውን አሳዝነዋል፤ የአበባው ጉድለትም የሚታወቀው ዛፉ ሲያብብ፣ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ነው። ስለሆነም እናት ዛፍን በጥንቃቄ መምረጥ፣ የማባዛቱን ዙር መወሰንና ችግኙን በዘረ መል ምርመራ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

በሞሮኮ ባዩድን የሚቋቋመው ነጅዳ የተባለው ዝርያ ከነባር ተምሮች መካከል ተመርጦ፣ በዚሁ ጥበብ ተባዝቶ ለገበሬዎች መታደሉ የሥራውን ትክክለኛ ሥርዓት ያሳያል፤ ቤተ ሙከራ የሚያበዛው በማሳ የተገኘውን በጎ ባሕርይ ነውና፣ ልዩ ልዩ ነባር ዝርያዎች የሚገኙበትን የተምር ደን መጠበቅ ከጥበቡ ሊነጠል አይገባም።