194,313፦ የዐቢይ ቀመር ዕለታት ቁጥር

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከሰባቱ አዕዋዳት የመጨረሻውና ታላቁ ዐውደ ቀመር ነው። ዐቢይ ቀመርም ይባላል፤ ልኩም 532 ዓመት ነው። አንዱን ዓመት 365 ዕለት ከሩብ አድርገን ብናባዛው 194,313 ዕለት እናገኛለን። ይህ ቁጥር ሩብም ግማሽም ሳይተርፈው ሙሉ መሆኑ፣ ለ7 ሲካፈልም ቀሪ አለመኖሩ እንዲሁ የተገጣጠመ አይደለም፤ ዘመኑ 532 የሆነበት ምክንያት ራሱ ይህ ነው።

532 የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ነው። 4ቱ የወንጌላውያን ዘመናት ናቸው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ነውና። 7ቱ ዕለታተ ሰንበት፣ 19ኙ ደግሞ አበቅቴና መጥቅዕ ወደ መነሻቸው የሚመለሱበት ዐውደ አበቅቴ ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ከ532 ዓመት በፊት በአንድነት አይገናኙም።

“7 በ19 ተባዝቶ 133 ዓመት ለምን አይበቃም?” ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። 133 ዓመት 48,578 ዕለት ከሩብ ነው። ያችን ሩብ ሙሉ ለማድረግ በ4 ማባዛት ግድ ይሆናል።

ዐውደ ማኅተም፣ ማለትም 76 ዓመት፣ ከዚህ የተሻለ ይቀርባል፤ ዕለታቱ 27,759 ሲሆኑ ሙሉ ቁጥር ነው። ለ7 ሲካፈል ግን 4 ይተርፋል። የ2018 ዓ.ም. መጥቅዕ 18 ነው፤ መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ሆኗል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው። ከ76 ዓመት በኋላ በ2094 ዓ.ም. ዘመኑ እንደ ዘንድሮው ማርቆስ፣ መጥቅዑም 18 ይሆናል፤ ዕለቱ ግን በ4 ተሻግሮ ሐሙስ ላይ ያርፋል። የሐሙስ ተውሳክ 3 ነውና ነነዌ ጥር 21፣ ትንሣኤም መጋቢት 30 ይውላሉ። ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ መጥቅዑም በአንድነት የሚመለሱት በ2550 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ኋላ ብንቆጥርም በ1486 ዓ.ም. እንዲሁ ነበሩ።

ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ብንተነትነው 3፣ 7፣ 19 እና 487 ይወጣሉ፤ አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 487 እንግዳ ይመስላል፤ በ3 ሲባዛ ግን የአራቱን ወንጌላውያን ዘመን ዕለታት፣ 1,461ን፣ ይሰጣል።

መመለሱ ፍጹም የሚሆነው በቀመሩ ውስጥ ነው። በሰማይ የምትታየው ጨረቃ 235 ጊዜ የምትዞርበት ጊዜ ከ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳል፤ በአንድ ዐቢይ ቀመርም ልዩነቱ ወደ አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ይጠጋል። የአቡሻኽር ቁጥርና በዓይን የሚታየው ሠርቀ ወርኅ የማይገጥሙት ከዚህ የተነሣ ነው።