የጨረር ሕክምና ልማድ ከሀገር ሀገር ስለ ምን ይለያያል?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት የተኙትን ሕመምተኞች እንዲያይ በተጠራ ጊዜ በሮቹንና መስኮቶቹን አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤም አሳጠበ። ይህንንም ያደረገው ከራሱ ፈልስፎ ሳይሆን በሐለብ ከተማ ሳለ አንድ ሐኪም ወዳጁ በሰጠው ደንብ መሠረት መሆኑን ራሱ ጽፎታል። ሐኪም የተማረበትን አገር ደንብ ይዞ ይዞራል፤ በጨረር ሕክምና ታሪክ ውስጥም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ይኸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ የምናገረው ስለ መሣሪያው፣ ስለ ጊዜውና ስለ ቁጥሩ ነው።

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር ካገኘ፣ ኩሪዎቹም በ1898 ራዲየምን ካገኙ በኋላ፣ ሐኪሞች ጨረሩን በካንሰር ላይ ለመሞከር ጊዜ አልፈጀባቸውም። ጥያቄው መጠኑን በአንድ ጊዜ እንስጥ ወይስ እንከፋፍለው የሚል ነበር። በፓሪስ ክሎድ ረጎ የተባለው ሊቅ በአውራ በግ ላይ ባደረገው ሙከራ በአንድ ጊዜ የተሰጠ ጨረር ቆዳውን ሳይጎዳ እንስሳውን ማምከን እንዳልቻለ፣ ተከፋፍሎ ሲሰጥ ግን እንደቻለ አሳየ። የሥራ ባልደረባው ኩታርም ይህንኑ ይዞ በ1920ዎቹ የጉሮሮ ካንሰርን በብዙ ሳምንታት ከፋፍሎ ማከም ጀመረ። የእንግሊዟ ማንቸስተር ግን በራልስተን ፓተርሰን መሪነት በሦስት ሳምንት ያህል የሚያልቅ ሕክምናን ልማድ አደረገች። በአሜሪካ በየቀኑ 2 ግሬይ እየሰጡ እስከ አምስትና ስድስት ሳምንት መሄድ ጸና። የሰው ሥጋ በማንቸስተርና በኒው ዮርክ አንድ ሆኖ ሳለ ልማዱ ግን ተለያየ።

ልዩነቱ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር የሚያስከትለውን ሥቃይ ለማስታገሥ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ፣ በ10 ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጥ 30 ግሬይ ጋር ሥቃይን በማስታገሥ እኩል መሆኑ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። እርግጥ ነው፣ በአንድ ጊዜ የታከመው ሰው እንደገና መታከም የሚያስፈልገው ይበዛል። ይሁን እንጂ የብዙ አገር ሐኪሞች በተጠየቁ ጊዜ ለዚህ ለአንድ ሕመም ከመቶ የማያንሱ የተለያዩ የመጠንና የቀን አሰጣጦች ተገኝተዋል። የእንግሊዝና የካናዳ ሐኪሞች ወደ አጭሩ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ወደ ረጅሙ ያዘነብላሉ። በአሜሪካ ክፍያው ለረጅም ጊዜ በእያንዳንዱ የጨረር ቀን ሲታሰብ መኖሩን የሚያውቅ ሰው በዚህ ብዙም አይገረም። በጡት ካንሰርም እንዲሁ ነው፤ በ25 ቀን 50 ግሬይ ይሰጥ የነበረው በእንግሊዝ በ15 ቀን 40 ግሬይ ተተካ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ በ5 ቀን 26 ግሬይ ሊበቃ እንደሚችል አሳየ።

ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? የሚል ቢኖር ሒሳቡ ይመልስለታል። በቀን 50 ሰው የሚያስተናግድ አንድ መሣሪያ አለ እንበል። በ75 የሥራ ቀን 3,750 ጊዜ ይሠራል። ለአንዱ ሰው 25 ቀን ከተሰጠ 150 ሰው ይታከማል፤ 15 ቀን ከተሰጠ 250፤ 5 ቀን ከበቃ 750። በአገራችን የመጀመሪያው የጨረር ሕክምና ማእከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990 ዓ.ም. ገደማ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እርዳታ ሥራ ሲጀምር፣ ከ20 ዓመት በላይ የመላው ኢትዮጵያ ብቸኛ ማእከል ሆኖ እንደሚቆይ የጠረጠረ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ወረፋው ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። ካንሰር ግን ወረፋ አይጠብቅም፤ ሊድን የሚችለው ተራው እስኪደርስ ወደማይድነው ደረጃ ይሸጋገራል።

መሣሪያው ራሱም ያረጃል። ኮባልት 60፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በካናዳ ለሕክምና ከዋለ ወዲህ የብዙ ድሃ አገሮች ባለውለታ ነው፤ መብራት ቢቆራረጥ ብዙ አይጨነቅም፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ነገር ግን በየወሩ ከመቶ አንድ ያህል እየደከመ በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። በአዲስነቱ ሁለት ደቂቃ ይበቃው የነበረ ሕመምተኛ ያን ጊዜ አራት ደቂቃ ይተኛል። እንግዲህ ምንጩ በጊዜው ካልተለወጠ ወረፋው የሚረዝመው በሰው ብዛት ብቻ አይደለም።

ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ የሚነሣውን ገበሬ እናስብ። ጎንደር ደርሶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ አምስት ሳምንት ቤት ተከራይቶ፣ አስታማሚ ይዞ ይቀመጣል፤ ወሩ ኅዳር ከሆነ አዝመራው ማሳ ላይ ይቀራል። ለዚህ ሰው የአንድ ቀንና የ10 ቀን ልዩነት የበሬ ዋጋ ነው።

ይህን ስል አጭሩ ሁልጊዜ ይሻላል ማለቴ አይደለም። በየቀኑ የሚሰጠው መጠን ሲጨምር፣ ልኬቱ ከተሳሳተ ወይም ጨረሩ ልብንና ሳንባን ከነካ፣ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። አጭሩን መንገድ ለመከተል ትክክለኛ ልኬትና የሠለጠነ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል። ነገር ግን የሌላውን አገር ደንብ እንዳለ መቅዳትም ግዴታ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የውጭውን ሥርዓት እንዳለ አልገለበጠም፤ ለገጠሩ የሚስማማ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ሠራተኛ በቡድን አሠለጠነ። ያ ውሳኔ በእኔ አስተያየት በሕክምና ታሪካችን ከተወሰኑት ሁሉ ደፋሩ ነው።

በኋላ መንግሥት የጨረር ሕክምናን ከአዲስ አበባ ውጭ ለማስፋፋት ሲያቅድ ጎንደር ከጅማ፣ ከሐሮማያ፣ ከሐዋሳና ከመቀሌ ጋር ተመረጠች። የተመረጠውም መሣሪያ ኮባልት ሳይሆን ሊኒየር አክሰለሬተር ነው። ይህ መሣሪያ ምንጭ አይለወጥለትም፤ ጨረሩም ይበልጥ ይነጣጠራል። በምትኩ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣ ውሃ፣ መለዋወጫና ቀን ከሌት የሚጠራ ጥገና ሠራተኛ ይፈልጋል። የክፍሉ ግድግዳ ብቻ እንኳ የዋዛ አይደለም፤ የኮባልትን ጨረር ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ከ20 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያለፈ ኮንክሪት ይበቃል፤ የአክሰለሬተሩ ጨረር ግን ከዚያ የወፈረ ይጠይቃል፤ ዋናው ጨረር የሚያርፍበት ግድግዳም ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። ሕመምተኛውን በስንት ቀን እንደሚያክም የሚወስነው ሐኪሙ ቢሆንም፣ መሣሪያው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ የሚወስነው ግን የእኛ ሙያ ነው።