ተገዶ ማረፍ

ከሪያድ በስተ ሰሜን ሱማማ የሚባል ትንሽ ኤርፖርት አለ። የሳዑዲ አቪዬሽን ክለብ መቀመጫ ነው። እዚያ የሚነሱት አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ሁለት ወይም አራት ሰው የሚይዙ፣ ባለ አንድ ሞተር ናቸው። ያ ሞተር ቢጠፋ ተተኪ የለም። ስለዚህ የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ ገና ተማሪ ሳለ ደጋግሞ የሚለማመደው ነገር አለ፤ በሙያው ቋንቋ «ፎርስድ ላንዲንግ» ይባላል። በአማርኛ «ተገዶ ማረፍ» እንበለው፤ «ተገዶ አረፈ» ማለቱን ለምደነዋልና።

ተገዶ ማረፍ ማለት ሞተሩ ኃይል መስጠት አቁሞ በረራውን መቀጠል ሲያቅት፣ አብራሪው በአቅራቢያው ባገኘው ቦታ አውሮፕላኑን ማሳረፉ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ነዳጅ ስላነሰ ወይም አየሩ ስለተበላሸ ሳይብስ መውረድ «የጥንቃቄ ማረፍ» ነው። «የአደጋ ጊዜ ማረፍ» ሰፋ ያለ ስም ነው፤ እሳት አደጋ መኪና ተሰልፎ በሚጠብቅበት መደበኛ አስፋልት ላይ ማረፍንም ይጨምራል። በዜናችን ግን ብዙ ጊዜ ለሁሉም «ተከሰከሰ» ይባላል፤ ይህ መታረም አለበት ባይ ነኝ። የተከሰከሰ አውሮፕላን ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ነው፤ ተገዶ የሚያርፈውን ግን አብራሪው እስከ መጨረሻው ይነዳዋል። የተሳፋሪ ቤተሰብ ሬዲዮ ከፍቶ ሲሰማ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ነው።

ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወርድም፤ ይንሳፈፋል። ሴስና 172 አንድ ሜትር ከፍታ ሲያጣ 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ከመሬት 900 ሜትር ላይ ሞተሩ ቢቆም፣ ነፋስ ከሌለ 8 ኪሎ ሜትር ገደማና አራት ደቂቃ ያህል አለው። ይህ የሚገኘው ግን ፍጥነቱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲጠበቅ ነው፤ «ምርጥ የመንሳፈፊያ ፍጥነት» ልንለው እንችላለን። ለዚህም አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። የደነገጠ ሰው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ አፍንጫው ሽቅብ ሲያይ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ፍጥነቱ ከተያዘ በኋላ ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል፤ ከዚያ እጅ ወደ ነዳጅ መክፈቻው ይሄዳል። አንዱ ታንክ ባዶ ሆኖ ሌላው ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ የካርቡሬተር ማሞቂያውና የማቀጣጠያ ቁልፉም ይፈተሻሉ። ሞተሩ እምቢ ካለ በ121.5 ሜጋኸርዝ ሦስት ጊዜ «ሜይዴይ» ተብሎ ቦታው ይነገራል። መሬት ሲቃረብ ነዳጁ ይዘጋል፣ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፣ በሩም ገርበብ ይደረጋል፤ አካሉ ሲጣመም በር ተጣብቆ ሰው ውስጥ እንዳይቀር ነው።

ሪያድ የራሷ ፈተና አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በበጋ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና ለሞተሩ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ይሆንበታል፤ የባሕር ዳር ከተማን ከፍታ ያህል ማለት ነው። ሞተሩ ይደክማል፣ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ዝቅ ብሎ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። ገና ሲነሳ ሞተሩ ቢጠፋ ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ መዞር ብዙዎችን ፈጅቷል፤ ትምህርቱ ፊት ለፊት ካለው ቦታ ላይ አሳርፍ ይላል። አሸዋውም ሜዳ ይመስላል እንጂ ልል ነው፤ የፊት ጎማውን ይዞ አውሮፕላኑን ይገለብጠዋል። ጠጠራማው ደረቅ ሜዳ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ስለማይታይ የሚፈለገው ምሰሶው ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ተገዶ ማረፍን በትልልቆቹ አውሮፕላኖች አይተነዋል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገብቶበት ሁለቱም ሞተሮቹ ቆሙ፤ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ የተጠለፈ የዚሁ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ዳርቻ ውኃ ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ 50ዎቹ ተረፉ። የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ የነፉ ተሳፋሪዎች ውኃው ሲገባ መውጣት አቅቷቸዋል።

በሪያድ ዙሪያ ባለው በረሃ ደግሞ ከማረፉ ይልቅ ቀጥሎ ያለው ሰዓት ሊከፋ ይችላል። በዚያ ሙቀት መንገድ ፍለጋ በእግር የወጣ ሰው ብዙ አይሄድም። እሳት ከሌለ ከአውሮፕላኑ አለመራቅ፣ ክንፉ ሥር መጠለል፣ ውኃውን መጠጣት ያስፈልጋል፤ ከአየር ላይ የሚፈልግ ሰው ከአንድ እግረኛ ይልቅ ክንፍን ቀድሞ ያያል፤ በ406 ሜጋኸርዝ እርዳታ የሚጠራው የአውሮፕላኑ አስተላላፊም የሚሰማው ከዚያው ካለበት ነው።