የአካዳሚክ ሐቀኝነት በከፍተኛ ትምህርት፦ ምንነቱ፣ የጥሰት ዓይነቶችና ተማሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

የአካዳሚክ ሐቀኝነት ማለት የራስን ሥራ የራስ፣ የሌላውን ሥራ የሌላ አድርጎ ማቅረብና በጥናት የተገኘን ውጤት ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማሳወቅ ነው፡፡ ዲግሪ ባለቤቱን ብቻ የሚመለከት ወረቀት አይደለም፡፡ ታካሚ በሐኪሙ፣ የቤት ባለቤት በመሐንዲሱ፣ ወላጅ በመምህሩ የሚተማመነው ዲግሪውን የሰጠው ተቋም የተመራቂውን ዕውቀት በትክክል መዝኗል በሚል እምነት ነው፡፡ ሐቀኝነት ሲጓደል በቅድሚያ የሚፈርሰው ይህ እምነት ነው፡፡

ዋና ዋና የጥሰት ዓይነቶች

ኩረጃ፦ በፈተና ወቅት ከሌላ ተፈታኝ መቅዳት፣ በተለምዶ አጤሬራ የሚባለውን ማስታወሻ ወይም የተከለከለ ስልክ ይዞ መግባት፣ በሌላ ሰው ስም መፈተን ወይም ሌላ ሰውን ማስፈተን ነው፡፡ መልስ ፈቅዶ የሚያስኮርጅ ተማሪም ከኮራጁ ጋር ተጠያቂ ይሆናል፡፡

የጽሑፍ ስርቆት፦ የሌላን ሰው ሐሳብ፣ ዐረፍተ ነገር፣ ሠንጠረዥ ወይም ሥዕል ምንጩን ሳይጠቅሱ መጠቀም ነው፡፡ ጥቂት ቃላትን መለወጥ ወይም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ ጽሑፉን የራስ አያደርገውም፡፡ ቃል በቃል የተወሰደ በትእምርተ ጥቅስ ይቀመጣል፤ በራስ አገላለጽ የቀረበ ሐሳብም ምንጩ ይጠቀሳል፡፡

ሥራን በሌላ ሰው ማሠራት፦ የመመረቂያ ጽሑፍን ወይም የቤት ሥራን በክፍያም ሆነ በወዳጅነት ሌላ ሰው ማስጻፍ ነው፡፡ «እናማክራለን» በሚል ስም መቅረቡ የድርጊቱን ባሕርይ አይለውጠውም፡፡ ጽሑፉን ያልጻፈ ተማሪ በፈታኞች ፊት ቀርቦ ስለ ጥናቱ ዘዴና ግኝት ሲጠየቅ ለማስረዳት ይቸገራል፡፡

መረጃ መፈብረክና ማዛባት፦ ያልተሰበሰበን መረጃ እንደተሰበሰበ ማቅረብ ወይም የማይመችን ውጤት መሰረዝ ነው፡፡ ለምሳሌ 100 መጠይቅ በትኖ 70 ብቻ የተመለሰለት ተማሪ ቀሪዎቹን 30 ራሱ ቢሞላ መረጃ ፈብርኳል፡፡ 70 መመለሱን መግለጽ ግን ጥናቱን ተአማኒ ያደርገዋል እንጂ አያሳፍርም፡፡

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያለአግባብ መጠቀም፦ በኮምፒውተር ፕሮግራም የተዘጋጀን ጽሑፍ እንደ ራስ ሥራ ማቅረብ ነው፡፡ እነዚህ ፕሮግራሞች የሌለ መጽሐፍ ወይም ጥናት በምንጭነት የሚጠቅሱበት ጊዜ በመኖሩ ለስሕተቱ ተጠያቂ የሚሆነው ጽሑፉን ያቀረበው ተማሪ ነው፡፡

ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ፦ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ ወይም የውጤት መግለጫ አስመስሎ ማዘጋጀትና በዚያ መገልገል ነው፡፡ ይህ ከተቋሙ የዲሲፕሊን እርምጃ አልፎ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፡፡

ጥሰት ያልሆኑ ድርጊቶች

ከጓደኛ ጋር ተወያይቶ ማጥናት፣ የአማካሪ መምህርን አስተያየት ተቀብሎ ማረም፣ ተቋሙ በሚፈቅደው መጠን የቋንቋ እርማት ማስደረግ ጥሰት አይደሉም፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ከታተመ ሥራ ላይ በተገቢው መጠን፣ ምንጭን ገልጾ መጥቀስን ይፈቅዳል፡፡

እርምጃና የተማሪው መብት

እርምጃው በየተቋሙ የሴኔት መተዳደሪያ ደንብ የሚወሰን ሲሆን እንደ ጥፋቱ ክብደት ከማስጠንቀቂያና ውጤት ከመሰረዝ እስከ ከትምህርት መሰናበት ሊደርስ ይችላል፡፡ በአንጻሩ ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፡፡ የጽሑፍ መመሳሰልን የሚለካ ሶፍትዌር የሚያሳየው መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን ባለመሆኑ ውጤቱ በመምህር መመርመር ይኖርበታል፡፡ የተጠረጠረ ተማሪም የቀረበበትን ክስ ማወቅና መልስ መስጠት ይገባዋል፡፡

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ተማሪዎች ያነበቡትን ምንጭ ከነገጹ መመዝገብ፣ የጽሑፋቸውን የመጀመሪያ ረቂቆች፣ የተሞሉ መጠይቆችንና የአማካሪያቸውን አስተያየት እስከ ምርቃት ድረስ ማስቀመጥ ይጠበቅባቸዋል፡፡ ያለአግባብ ለተጠረጠረ ተማሪ ዋነኛ መከላከያው እነዚሁ ናቸው፡፡

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ሲሆን ለማለፍ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለባቸው፡፡ በኩረጃና በሌላ ሰው ሥራ የተገኘ የዓመታት ውጤት በዚህ ፈተና ላይ ባለቤቱን አይታደግም፡፡ የትምህርት ማስረጃን ትክክለኛነት ማረጋገጥ የሚፈልጉ ቀጣሪዎችና ባለጉዳዮች ማስረጃውን የሰጠውን ተቋም ሬጅስትራር ወይም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላሉ፡፡