ዲዋሊ

ዲዋሊ፦ የሂንዱ እምነት ተከታዮች የብርሃን በዓል። ዲፓቫሊ ከሚለው የሳንስክሪት ቃል የመጣ ሲሆን «የመብራቶች ረድፍ» ማለት ነው። ዋናው በዓል ካርቲክ በሚባለው ወር ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት ላይ ይውላል። በሰሜን ሕንድ ራማ የተባለው አምላክ ከ14 ዓመት ስደት ወደ አዮድያ የተመለሰበት መታሰቢያ ነው። በቤንጋል ግን በዚያው ሌሊት የምትመለከው ካሊ የተባለችው አምላክ ናት።

የበዓሉ ዋና ስፍራ ቤት ነው። ከቀናት በፊት ጓዳው ሳይቀር ይጸዳል፣ አቅም ካለም ግድግዳው ቀለም ይቀባል። ሲመሽ ዲያ የሚባሉ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ የሸክላ ኩራዞች በንጥር ቅቤ ወይም በሰናፍጭ ዘይት ተሞልተው፣ የጥጥ ክር ገብቶባቸው በደጃፍ፣ በደረጃና በመስኮት ይደረደራሉ። ሴቶች በውኃ በተበጠበጠ የሩዝ ዱቄት ትንንሽ የእግር ዱካዎችን መሬት ላይ ይስላሉ። ዱካው የሀብት አምላክ የላክሽሚ ነው፤ ስለዚህ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ማመልከት አለባቸው። ወደ ውጭ ከዞሩማ ሀብቱ ወጣ ማለት አይደል!

በደቡብ ሕንድ ታሚሎች በበዓሉ ቀን ጎሕ ሳይቀድ የሰሊጥ ዘይት ተቀብተው ይታጠባሉ። በሰሜን ሕንድ በዓሉ በአምስተኛው ቀን ሲያበቃ እኅት የወንድሟን ግንባር በቀይ ቀለም ትቀባለች፤ እሱም ስጦታ ይሰጣታል።