የሕዝብን ስሜት በጥቁርና ነጭ ሥዕል ማንበብ



በመስቀል ሰሞን ወልቂጤ መናኸሪያ ባነሣሁት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ልጀምር። ቦታውንና ቀኑን ሳልነግር ለተማሪዎች ባሳያቸው፣ ጆንያውንና ግፊያውን አይተው አብዛኞቹ «ተፈናቃዮች ናቸው» አሉ። አንዲት የቡታጅራ ልጅ ብቻ ተቃወመች፤ የሚሸሽ ሰው ወደ ኋላው ያያል፣ እዚህ ግን ማንም ዞሮ አላየም ስትል። ልክ ነበረች። ሰዎቹ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ወደየወላጆቻቸው የሚገቡ ነበሩ።

ይህን ይዘን ወደ ጁሊ ምህረቱ «ሞጋማ» እንሂድ። ሠዓሊዋ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደች። ባለአራት ክፍሉ የ2012 ሥራዋ ስሙን ያገኘው በካይሮ ታሕሪር አደባባይ ካለው የቀድሞ የመንግሥት ሕንፃ ነው። ጥቂት ቀለማት ጣል ጣል ቢደረጉበትም በአመዛኙ ጥቁርና ግራጫ ነው። ከሥር ሕንፃዎችና አደባባዮች በቀጭን መስመር ተነድፈዋል፤ በላያቸው ብርሃን አሳላፊ አክሪሊክ ተቀብቶ እንደገና ተሥሏል። እኔ ሕዝብ ብዬ የማነባቸው አጫጭር ጭረቶች ፊት የላቸውም። ሲሳሱ ሕንፃው ይታያል፤ ሲጠቀጠቁ ይሰወራል። ስሜቱንም ከጥቁረታቸው ይልቅ በጥግግታቸውና በአቅጣጫቸው እፈልጋለሁ።

ከተነደፉት አደባባዮች አንዱ የእኛው መስቀል አደባባይ ነው፤ ደመራ የሚበራበት፣ በደርግ ዘመን «አብዮት አደባባይ» ተብሎ ሰልፍ የተሰለፈበት። እንደ ጭስ የጠቆረውን የጭረት ክምችት ባየሁ ቁጥር አንድ ቀን ደመራን፣ ሌላ ቀን አመፅን አነብበታለሁ።