ታፔላ የሚቆርጠው ብርሃን፣ ጥላሸቱን የሚያጠራው እጅ



የእንጨት ታፔላ ሥራ ለተደራጁ ሴቶች የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። የቤት ቁጥር፣ የሱቅ ስም፣ ለሠርግ ስጦታ የሚሆን የሙሽሮች ስም በሌዘር ማሽን በደቂቃዎች ይቆረጣል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ስለ አዲስ ማሽን ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «ያልተጻፈው ወጪ የትኛው ነው?» ብዬ ነው። የሌዘር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

ነገሩ የተጀመረው በወረቀት ላይ ነው። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ብርሃን ከአተም ውስጥ ራሱን የሚመስል ሌላ ብርሃን ቀስቅሶ ሊያወጣ እንደሚችል በስሌት አሳየ። ስሌቱ መሣሪያ እስኪሆን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰው ሠራሽ ሩቢ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። በዚያን ጊዜ መሣሪያው «ችግር የሚፈልግ መፍትሔ» እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ለእንጨት ሥራ የሚሆነው ሌዘር የመጣው በ1964 ነው። ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ በቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ኩማር ፓቴል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ሠራ። ጨረሩ ለዓይን አይታይም፤ እንጨት ግን በደንብ ይመጠዋል። ጨረሩ ያረፈባት ነጥብ በቅጽበት ግላ ወደ ጋዝና ጭስ ትለወጣለች። ዛሬ ታፔላ የሚቆርጡት ብዙ ማሽኖች በዚሁ ጋዝ ይሠራሉ።

በ1965 አሜሪካ ውስጥ ሌዘር ሽቦ የሚሳብባቸውን የአልማዝ ቅርጾች መብሳት ጀመረ። በ1967 ደግሞ ፒተር ሆልድክሮፍት በእንግሊዝ አገር ከጨረሩ ጋር ኦክስጅን እየነፋ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቆረጠ። ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፤ ብርሃኑ ብቻውን አይበቃም፣ አብሮት የሚነፋ ነገር ያስፈልገዋል። ዛሬ የእንጨት ማሽኖች አየር የሚነፉት ጭሱንና ነበልባሉን ከመቁረጫው ቦታ ለማባረር ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንጨት በሌዘር መቆረጥ ሲጀምር ዋናው ሥራ ለካርቶን ፋብሪካ የሚሆን የኮምፔርሳቶ ጣውላ ነበር። በጣውላው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣና የብረት ስለት ይሰካበታል፤ ስለቱ ካርቶኑን በሣጥን ቅርጽ ይቆርጣል። የስንጥቁ ጠርዝ ቢጠቁርም ማንም አይከፋውም፣ ስለቱ ይሸፍነዋልና። ከኮምፒውተር ጋር የተያያዙ ትንንሽ ማሽኖች መጥተው ሌዘር ወደ ታፔላና ወደ ስጦታ ዕቃ ሲገባ ግን ያ ጥቁር ጠርዝ ፊት ለፊት ወጣ። ያን ጊዜ የማጥራቱ ሥራ በሰው እጅ ላይ ወደቀ።

እድፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በፊቱ ላይ የሚቀመጥ ቡናማ የጭስ እድፍ ነው። ይህን ለመከላከል ከመቁረጥ በፊት እንጨቱን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ይበጃል፤ ጭሱ በፕላስተሩ ላይ ያርፍና አብሮ ይነሳል። ያመለጠው በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አልኮል ግን እሳት ስለሚይዝ ከማሽኑ ይራቅ። ሁለተኛው በጠርዙ ላይ ያለው ከሰል ነው፤ ይህ የእንጨቱ አካል ስለሆነ መጥረግ አይበቃውም። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ይፈገፈጋል። በጣም ከተፈገፈገ ግን የኮምፔርሳቶ ስስ ልባስ ያልቅና ሙጫው ይታያል።

አገራችን «ጭስ መውጫ አያጣም» ትላለች፤ መውጫውን ካላዘጋጀንለት ግን በሠራተኛዋ ሳንባ በኩል ይወጣል። የአየር ማስወጫ ቱቦ፣ ለፍግፈጋ የአቧራ ጭንብል፣ እሳት ማጥፊያና ማሽኑ ሲሠራ ከአጠገቡ የማይለይ ሰው ያስፈልጋሉ። ፒቪሲ ደግሞ ጨርሶ አይቆረጥበትም፤ ሲቃጠል ሰውንም ማሽኑንም የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

አሁን ወደ መዝገባችን እንምጣ። ለምሳሌ አንድ ታፔላ 600 ብር ተሸጠ እንበል። እንጨትና ቀለም 250፣ መብራትና የማሽን እርጅና 150 ብር ቢወስዱ፣ 200 ብር ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ማሽኑ 10 ደቂቃ ሠርቶ ሲያቆም አንዲት እህት 50 ደቂቃ ስትፈገፍግ ብትቆይና የሰዓት ክፍያዋ 120 ብር ቢሆን፣ 100 ብሩ የእሷ ጉልበት ነው። ካልከፈልናት ትርፍ ያልነው ግማሹ የእሷ ገንዘብ ነው ማለት ነው። የ10 ብር ፕላስተር ለጥፈን ማጥራቱ ወደ 15 ደቂቃ ቢወርድ ግን የጉልበቱ ዋጋ 30 ብር ይሆናል። እሷም ትከፈላለች፣ ለማኅበሩም 160 ብር ይተርፋል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ማሽን ለመግዛት ስንወስን የማጥራት ሰዓት በዋጋ ዝርዝራችን ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። ደጋፊዎቻችንም ማሽን ስትለግሱን የአየር ማስወጫውንና የመፈግፈጊያ ዕቃውን አብራችሁ አስቡልን። ገዢ የሚከፍለው ለጠራው ታፔላ ነው፤ ያጠራችውም እጅ ድርሻዋን ማግኘት አለባት።